እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ፦ የምርምር ሥራን በሶፍትዌር የማደራጀት መመሪያ

ጽሑፋችሁ ለጆርናል ተልኳል። ከወራት በኋላ ገምጋሚው አንድ ጥያቄ ይልካል፦ "ሠንጠረዥ 3 ላይ ያለው አማካይ እንዴት ተሰላ? ጥያቄውን ያልመለሱ ሰዎች ተካተዋል ወይስ ወጥተዋል?" ጥያቄው ቀላል ነው። መልሱ ቀላል የሚሆነው ግን ሥራው ገና ሲጀመር በደንብ ከተደራጀ ብቻ ነው። ፋይሎቹ ከተዝረከረኩ መልሱን ፍለጋ ብዙ ቀን ይፈጃል። አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም።

ስለ ምርምር ሶፍትዌር ሲነሳ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ዳታ በየትኛው ፕሮግራም ይተንተን፣ "አር ይሻላል ወይስ ፓይተን? ስታታ ወይስ ኤስፒኤስኤስ?" በሚለው ላይ ይቀራል። እኔ ዋናው ጉዳይ ይህ አይመስለኝም። የፈለጋችሁትን ተጠቀሙ። ጽሑፉ ውስጥ ካለ ከማንኛውም ቁጥር ተነስታችሁ ግን እስከ ጥሬ ዳታው ድረስ ወደ ኋላ መሄድ መቻል አለባችሁ። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ የሚያግዙ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ጥናት አንድ ፎልደር

ጥናቱን የሚመለከት ነገር ሁሉ አንድ ዋና ፎልደር ውስጥ ይግባ። ግማሹ ዴስክቶፕ ላይ፣ ግማሹ ዳውንሎድ ውስጥ፣ ግማሹ ኢሜይል ላይ አይበተን። ውስጡን እንዲህ ክፈሉት፦

- ጥሬ_ዳታ
- የጸዳ_ዳታ
- ስክሪፕት
- ውጤት
- ጽሑፍ
- ሰነድ

"ስክሪፕት" ዳታውን የሚያጸዱና የሚተነትኑ ትእዛዞች የተጻፉባቸውን ፋይሎች ይይዛል። "ውጤት" ሠንጠረዦችና ግራፎች የሚቀመጡበት ነው። "ሰነድ" ደግሞ መጠይቁን፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን፣ ስብሰባ ላይ የተያዘውን ማስታወሻ ይይዛል። እዚህ ስሞቹን በአማርኛ የጻፍኩት ለማንበብ እንዲመች ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ በላቲን ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ሰይሟቸው። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ሌላ ፊደል ወይም ክፍት ቦታ ሲያጋጥማቸው "ፋይሉ የለም" ብለው ይቆማሉ።

የፋይል ስም ላይ ቀን መጻፍ ካስፈለገ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይሁን፦ 2025-03-14። ይህ አይኤስኦ 8601 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ጥቅሙ ወዲያው ይታያል፤ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተልም ይደረደራሉ። "የመጨረሻ" የሚል ቃል ግን የፋይል ስም ላይ ባይገባ ይሻላል። ከመጨረሻው በኋላ ሌላ የመጨረሻ መምጣቱ አይቀርም።

ዋናው ፎልደር ውስጥ "አንብቡኝ" የሚል አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። አምስት መስመር ይበቃዋል፦ ጥናቱ ስለምን እንደሆነ፣ ዳታው ከየትና መቼ እንደመጣ፣ ስክሪፕቶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠሩ፣ የትኛው ሶፍትዌር ከነስሪቱ ጥቅም ላይ እንደዋለ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ማንን እንደሚያነጋግር።

ደረጃ 2፦ ንባቡን ከመጀመሪያው ቀን ዞቴሮ ላይ

ዋቢ ጽሑፎችን መጨረሻ ላይ በእጅ መልቀም ጊዜ ይበላል፤ ስሕተትም ያበዛል። ዞቴሮ ዋቢ ጽሑፎችን የሚሰበስብና የሚያደራጅ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው። ዎርድ፣ ሊብሬኦፊስና ጉግል ዶክስ ላይ ይሠራል። የጽሑፉን ዲኦአይ፣ ማለትም ለአንድ የታተመ ሥራ የሚሰጠውን ቋሚ መለያ፣ ብቻ ስትሰጡት ርእሱን፣ ደራሲዎቹንና ዓመቱን ራሱ ያመጣል። ያመጣውን ግን አንዴ አይታችሁ አረጋግጡ። የደራሲ ስምና የአባት ስም ተገለባብጦ መግባቱ ያጋጥማል።

ነፃው የኦንላይን ቦታ 300 ሜጋባይት ነው። ይህ የሚቆጠረው ለተያያዙ ፋይሎች ማለትም ለፒዲኤፎቹ ነው። የዋቢዎቹ መረጃ ራሱ ቦታ አይቆጠርበትም። ስለዚህ ፒዲኤፎቹን ኮምፒውተራችሁ ላይ ብቻ አስቀምጣችሁ መረጃውን ማመሳሰል ትችላላችሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጥቅም አለው። ቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በጆርናሉ ከተሰረዘ ዞቴሮ ያስጠነቅቃችኋል። ተአማኒነቱን ያጣ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ መከራከሪያ ከመገንባት ያድናል።

ደረጃ 3፦ ጥሬ ዳታውን አትንኩት

ከሁሉም በላይ ጥብቅ መሆን ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ከመስክ፣ ከላቦራቶሪ ወይም ከሌላ ተቋም የመጣውን ፋይል ጥሬ ዳታ ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ቀጥሎ ፋይሉን "ለማንበብ ብቻ" አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ከባሕርያቱ መስኮት "ሪድ ኦንሊ" የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ሴል በእጅ አይስተካከል። ዕድሜው 230 ተብሎ የገባ ሰው ብታገኙ እንኳ ማስተካከያው በስክሪፕት ይጻፍ። ጥሬው እንደመጣ ይቀመጥ።

ምክንያቱም በእጅ የተሠራ እርማት ዱካ አይተውም። ዛሬ 230ን 23 አደረጋችሁት እንበል። ከዓመት በኋላ ያ ሰው 23 ዓመቱ መሆኑን ራሱ ተናግሮ ይሁን ወይም እናንተ ገምታችሁ ይሁን የሚያውቅ የለም።

ኤክሴል ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳትጠይቁት ዳታችሁን ይቀይራልና። በ0 የሚጀምር የመለያ ቁጥር ሲያይ ዜሮውን ይጥላል። ከ15 አኃዝ በላይ የሆነን ቁጥር ትርፍ አኃዞች ወደ ዜሮ ይቀይራል። ቀን የሚመስለውን ነገር ሁሉ ቀን ያደርጋል። የዘረ መል ተመራማሪዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። "ሴፕት2" የሚባለውን የጂን ስም ኤክሴል ሴፕቴምበር 2 እያለ ያስቸግር ነበር። በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙት ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት አግኝቷል። በመጨረሻ የተቀየሩት የጂኖቹ ስሞች ናቸው። የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 አዲሱን አሠራር ይፋ አደረገ፤ ሴፕት2ም ሴፕቲን2 ተባለ።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ተጠቂዎች ለቀናት ከሪፖርት ውጭ ሆነው ቀሩ። ምክንያቱ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ ስለማይችል ነበር። አዲሱ ዓይነት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። ያም ቢሆን ወሰን ነው። ስለዚህ ዳታ ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ባሻገራችሁ ቁጥር የረድፉን ብዛት በሁለቱም በኩል ቁጠሩ። አንድ መስመር ኮድ ነው።

በአማርኛ የተሞላ መጠይቅ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሲኤስቪ ፋይልን፣ ማለትም ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩበትን ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በቀጥታ ጠቅ አድርጋችሁ በኤክሴል ስትከፍቱ ፊደሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። አትደንግጡ፤ ዳታው አልጠፋም። ትልቁ አደጋ በዚያ ሁኔታ ላይ ሴቭ ማድረግ ነው። ሳታስቀምጡ ዝጉት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱና "ዳታ" ከሚለው ክፍል ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ አስገባ የሚለውን ምረጡ። የፊደል አቀማመጡን 65001 ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። ፊደሎቹ ይስተካከላሉ።

የተሳታፊዎች ስምና ስልክ ካለ ለብቻው ይውጣ። ዳታው ላይ በስም ፈንታ የሚቀረው የመለያ ቁጥር ብቻ ነው። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር በይለፍ ቃል ተቆልፎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ቬራክሪፕት ለዚህ የሚሆን ነፃ ፕሮግራም ነው። ሰዎቹ ምስጢራቸውን የነገሩን አምነውን ነው። ይህን እምነት መጠበቅ ከየትኛውም ግራፍ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ የዳታ መፍቻ አዘጋጁ

አንድ ተራ ሠንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ተለዋዋጭ፦ ስሙ፣ የመጠይቁ ጥያቄ እንዳለ፣ ሊይዛቸው የሚችላቸው እሴቶች፣ መለኪያው፣ ያልተመለሰ ጥያቄ እንዴት እንደተመዘገበ። ለምሳሌ፦

"ገቢ_ወር | ባለፈው ወር የቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ስንት ነበር? | ከ0 በላይ ቁጥር | ብር | ያልመለሰ = ባዶ"

ያልተመለሰን ጥያቄ 0 ወይም 99 ብሎ መመዝገብ ክፉ ልማድ ነው። ዕድሜ ላይ 99 የተባለ ሰው አማካዩ ውስጥ ይገባና ውጤቱን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ማንም አያስተውለውም። ባዶ ተዉት። "አይመለከተውም"ን ከ"አልመለሰም" መለየት ካስፈለገ ለምክንያቱ ሌላ ዓምድ ክፈቱ።

መረጃውን ገና በስልክ ወይም በታብሌት የምትሰበስቡ ከሆነ ኮቦቱልቦክስና ኦዲኬ ከመነሻው ያግዟችኋል። ዕድሜ ከ18 እስከ 110 ብቻ ይሁን ብላችሁ ፎርሙ ላይ ከወሰናችሁ 230 የሚል ቁጥር አይገባም።

ደረጃ 5፦ ሥራው ሁሉ በስክሪፕት

በመዳፊት እየተመረጠ የተሠራ ትንተና መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ስክሪፕት ግን ይቀራል። ኤስፒኤስኤስ ተጠቃሚዎች "እኛ ኮድ አንጽፍም" ይላሉ። መጻፍም አያስፈልግም። የምትፈልጉትን በሜኑ መርጣችሁ ስትጨርሱ "ኦኬ"ን በመጫን ፈንታ ከጎኑ ያለውን "ፔስት" ተጫኑ። ትእዛዙ ሲንታክስ፣ ማለትም የኤስፒኤስኤስ ስክሪፕት፣ ሆኖ በሌላ መስኮት ይጻፋል። እሱን አስኪዱትና ሴቭ አድርጉት። ስታታ ላይም በሜኑ የሠራችሁት ትእዛዝ የታሪክ መስኮቱ ላይ ይታያል፤ ወደ ዱ-ፋይል፣ ማለትም ወደ ስታታ ስክሪፕት፣ ማስተላለፍ ነው።

ስክሪፕቶቹን በቁጥር ሰይሙ፦

- 01_ማስገባት
- 02_ማጽዳት
- 03_ገላጭ_ስታቲስቲክስ
- 04_ሞዴል
- 05_ግራፎች

እያንዳንዱ ከቀዳሚው ያገኘውን ይቀበላል፤ የራሱን ውጤት ያስቀምጣል። ሁሉንም በአንድ ረጅም ፋይል መጻፍ ይቻላል። ግን 800ኛው መስመር ላይ የተፈጠረ ስሕተት ፍለጋ አድካሚ ነው።

ስክሪፕት ውስጥ የኮምፒውተራችሁን ሙሉ አድራሻ አትጻፉ። ከሲ ድራይቭ ጀምሮ የተጠቃሚ ስማችሁን የያዘ አድራሻ የሥራ ባልደረባችሁ ላፕቶፕ ላይ አይሠራም። ከዋናው ፎልደር በመነሳት "ጥሬ_ዳታ ውስጥ ያለው እገሌ ፋይል" በሚል መንገድ ይጠራ። ዕጣ የሚያወጣ ወይም ናሙና የሚመርጥ ኮድ ካለ መነሻ ቁጥሩን፣ ሲድ የሚባለውን፣ ቆርጣችሁ ስጡት። ካልሰጣችሁት በየጊዜው የተለየ ውጤት ያመጣል።

ሶፍትዌሩ ላይ የጫናችሁት ተጨማሪ የኮድ ጥቅል፣ ፓኬጅ የሚባለው፣ ስሪቱም ይመዝገብ። አር ላይ አርኤንቭ የሚባለው ፓኬጅ ይህን ይሠራል። ፓይተን ላይ የፓኬጆቹ ዝርዝር ከነቁጥራቸው በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ስታታ ላይ ዱ-ፋይሉ ሲጀምር "ቨርዥን" የሚለው ትእዛዝ ይግባ።

ስክሪፕቱ ምን እንደተደረገ ይናገራል። ለምን እንደተደረገ ግን የሚናገረው የውሳኔ መዝገብ ነው። ሰነድ ፎልደር ውስጥ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይሁን፤ በየቀኑ ቢበዛ ሁለት መስመር፦

"2025-03-14። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ 7 ምላሽ ሰጪዎች ወጡ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ አዋቂዎችን ብቻ ይመለከታል። ስክሪፕት 02።"

ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ሰው ቢኖር ይህን መዝገብ እንዲይዝ እመርጣለሁ። ኮድ ከጠፋ እንደገና ይጻፋል። ከስድስት ወር በፊት በስብሰባ የተወሰነ ነገር ምክንያቱ ከተረሳ ግን ማንም አይመልሰውም።

ደረጃ 6፦ ለውጡን በጊት ያዙ

ጊት የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው የሊኑክስን ኮድ ለማስተዳደር ነበር። ለተመራማሪ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል ነው፦ ፋይሉ አንድ ሆኖ የቀድሞ መልኮቹ ሁሉ ይቀመጣሉ። ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ከከበዳችሁ ጊትሀብ ዴስክቶፕ የሚባለው ፕሮግራም በአዝራር ይሠራል። ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

አንድ ሐሳብ ባለቀ ቁጥር ኮሚት አድርጉ፤ ማለትም ለውጡን ከአጭር ማስታወሻ ጋር ጊት ላይ መዝግቡ። ማስታወሻውን ስትጽፉ የሚያነበው ሌላ ሰው እንደሆነ አስቡ። "ለውጥ" ወይም "አስተካከልኩ" ምንም አይነግርም። "ገቢ ያልመለሱት ከሞዴል 2 ወጡ፣ ናሙናው ከ412 ወደ 389 ወረደ" ግን ታሪኩን ይናገራል።

ጊት ውስጥ የሚገቡት ስክሪፕቶች፣ ሰነዶችና ጽሑፉ ናቸው። ትልቅ ዳታ አይገባም፤ የጊት ሥራዎች ኦንላይን የሚቀመጡበት ጊትሀብ ራሱ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። የሰዎችን ማንነት የሚገልጽ ዳታ ደግሞ ትንሽም ቢሆን አይግባ። ፋይሉን በኋላ ብትሰርዙት እንኳ በታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ የሚፈልገው ሰው ያወጣዋል። ዳታ ፎልደሮቹን ጊት እንዲዘላቸው የሚያደርገውን "ጊትኢግኖር" ፋይል ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ጻፉት።

ደረጃ 7፦ ጽሑፉንና ቁጥሮቹን አገናኙ

ስሕተት ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ቁጥርን ከሶፍትዌሩ አይቶ ዎርድ ላይ በእጅ መጻፍ ነው። ትንተናው ሲቀየር ሠንጠረዡ ይታደሳል፤ አንቀጹ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን የድሮው ሆኖ ይቀራል። ኳርቶ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ይፈታል። ጽሑፉና ኮዱ አብረው ስለሚቀመጡ ቁጥሩ ራሱ ይሞላል። ላቴክ የምትጽፉ ከሆነም ሠንጠረዡን ከውጤት ፎልደር በቀጥታ እንዲያነብ ማድረግ ትችላላችሁ።

አማካሪያችሁ ዎርድ ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ዎርድ ይሁን። በዚህ ሰውን ማስጨነቅ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥና ግራፍ ግን ከጎኑ ኮሜንት አስገቡ፦ "ከስክሪፕት 04፣ ውጤት ፎልደር ውስጥ ሠንጠረዥ_3"። ጽሑፉ ሊላክ ሲል ኮሜንቱ ይሰረዛል። እስከዚያ ግን መንገዱን ያሳያል።

አብረዋችሁ የሚጽፉ ካሉ ፋይሉ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ወይም ሁሉም በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ ይሥራ። ሦስት ሰው በሦስት ቅጂ ላይ አስተያየት ከሰጠ በኋላ ማዋሐድ ከመጻፍ ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ባወጡት ጽሑፍ የመንግሥት ዕዳ ከአገር ምርቱ 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት በእጅጉ እንደሚወርድ ጻፉ። ጽሑፉ በብዙ የፖሊሲ ክርክር ተጠቀሰ። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ውጤቱን ደግሞ ለማግኘት ሞክሮ አልሆን አለው። ደራሲዎቹን ጠይቆ የኤክሴል ፋይሉን ሲያገኝ የአማካዩ ቀመር የአምስት አገሮችን ረድፍ እንደዘለለ አየ። ዳታ ስለመረጡበትና ስለመዘኑበት መንገድም ከመምህራኑ ጋር ጥያቄ አነሳ። የትችቱ ጽሑፍ በ2013 ወጣ። ደራሲዎቹ የቀመሩን ስሕተት አመኑ፤ በሌላው ላይ ግን ተከራከሩ። ስሕተቱ ሊገኝ የቻለው ፋይሉ ስለነበረና ፈቅደው ስለሰጡ ነው።

ደረጃ 8፦ ቅጂ

የታወቀው ደንብ 3-2-1 ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ላፕቶፕ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና ክላውድ ይህን ያሟላሉ።

ጉግል ድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስ ላይ ማመሳሰል ብቻውን ቅጂ አይባልም። ላፕቶፑ ላይ የሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘን ፋይል ለ30 ቀን ብቻ ይይዛል። ውጫዊውን ዲስክ ቅጂው እንዳለቀ ንቀሉት። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ የተሰካውንም አብሮ ይቆልፋልና። አልፎ አልፎ ከቅጂው አንድ ፋይል አውጥታችሁ መክፈቱንም አረጋግጡ።

ደረጃ 9፦ ከመላካችሁ በፊት ፈትኑት

ቅጂ መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ "የጸዳ_ዳታ" እና "ውጤት" ፎልደሮች ውስጥ ያለውን በሙሉ ሰርዙ። ስክሪፕቶቹን ከ01 ጀምራችሁ አስኪዱ። ሁሉም ተመልሶ ከመጣና ቁጥሮቹ ከጽሑፉ ጋር ከገጠሙ ሥራው በእግሩ ቆሟል። ለመሰረዝ ከፈራችሁ ፍርሃቱ የሚነግራችሁ ነገር አለ፦ የሆነ ቦታ በእጅ የተሠራና ያልተጻፈ ነገር አለ። ፈልጋችሁ ስክሪፕት ውስጥ አስገቡት።

ቀጥሎ ፎልደሩን ጥናቱን ለማያውቅ ባልደረባ ስጡት። ዳታውን ለመስጠት ፈቃድ ከሌላችሁ ስክሪፕቶቹን ከጥቂት የፈጠራ ረድፎች ጋር ስጡት። አጠገቡ ሆናችሁ አታስረዱ። የሚጠይቃችሁን እያንዳንዱን ጥያቄ መዝግቡና መልሱን "አንብቡኝ" ላይ ጨምሩ።

ይህን ፈተና ያለፈውን ሥራ ዜኖዶ ላይ አስቀምጡት። ዜኖዶ ከ2013 ጀምሮ በአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት በሰርን የሚተዳደር ነፃ የኦንላይን ማከማቻ ነው። ለያንዳንዱ ሥራ ዲኦአይ ይሰጣል። ጊትሀብ ላይ ያለ ሥራን በቀጥታ መውሰድም ይችላል። ዳታው ለሕዝብ መከፈት የሌለበት ከሆነ መግለጫው ክፍት ሆኖ ፋይሎቹ እንዲዘጉ ማድረግ ይቻላል። ዲኦአዩን ከማሳተማችሁ በፊት ማስያዝ ስለሚቻል ቁጥሩን ጽሑፉ ለጆርናል ሳይላክ ስለ ዳታ አቅርቦት በሚናገረው ክፍል ውስጥ አስገቡት። በኋላ እርማት ካስፈለገ አዲስ ቅጂ ይጨመራል፤ የቀድሞውም በራሱ ቁጥር እዚያው ይቆያል።